መንገዱ ሲናገር፦ የአውራ ጎዳና ምልክቶች ታሪክና ለመሐንዲሱ የሚተርፈው ትምህርት

መግቢያ

በእግሩ የሚጓዝ ሰው መንገድ ሲጠፋው መላው ቅርብ ነው። ከመንገድ ዳር ያገኘውን እረኛ ወይም ገበያተኛ ሰላም ብሎ ይጠይቃል፤ የተነገረው ካልገባውም ደግሞ ይጠይቃል። በበቅሎ የሚሄደውም ልጓሙን ሳብ አድርጎ እንዲሁ ያደርጋል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር እየነዳ የሚያልፈው አሽከርካሪ ግን ይህን ዕድል አያገኝም። በአንዲት ሴኮንድ 28 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፥ አንድን ጽሑፍ አንብቦ ለመረዳት 4 ሴኮንድ ቢፈጅበት ከ110 ሜትር በላይ አልፎ ይገኛል። ለእርሱ የእረኛውን ተግባር የሚፈጽምለት ከመንገድ ዳር የቆመው ሰሌዳ ብቻ ነው። ሰሌዳው ከተሳሳተ፥ ከዘገየ ወይም ከተደበቀ መልሶ የሚጠየቅ የለም።

ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ምክንያት የሆነኝ አንድ የክፍለ ሀገር ጉዞ ነው። ከመሥሪያ ቤታችን አንጋፋ ሾፌር ጋር ወደ አንድ የሥራ ቦታ እንሄድ ነበር። የምንፈልገው ቅርንጫፍ መንገድ ከአንድ ቁልቁለት ግርጌ ይገነጠላል። ሰሌዳው አልጠፋም፤ ነገር ግን የቆመው ከመታጠፊያው አልፎ፥ ያውም በባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ተጋርዶ ነበር። እኛ ባየነው ጊዜ መታጠፊያው ከኋላችን ቀርቷል። ለመመለስ መኪናውን ስናዞር ከኩርባው ጀርባ ጭነት የሞላ ከባድ መኪና ድንገት ብቅ አለና ጡሩምባውን እየነፋ በጥቂት ክንድ ርቀት አልፎን ሄደ። ሾፌሩ ከመንገድ ዳር አቁመው ላባቸውን ከጠረጉ በኋላ፥ «ጥፋቱ የኔ ነው ልጄ፤ ዐይኔ ሳይደክም አልቀረም» አሉኝ።

ዐይናቸው አልደከመም ነበር። ሆኖም አሽከርካሪ ሁሉ መንገድ በሳተ ጊዜ በመጀመሪያ የሚወቅሰው ራሱን ነው። ይህ ወቀሳ ተገቢ መሆን አለመሆኑን ለማወቅ፥ የመንገድ ምልክት በሌላ አገር እንዴት እንደተወለደ፥ እንዴት እንደተበላሸና እንዴት እንደታረመ መመልከት ይጠቅማል። በተለይ ከ1957 እስከ 1965 በብሪታንያ የተካሄደው ሥራ ብዙ ትምህርት ስላለው የጽሑፉ ዋና ክፍል ስለዚያ ይሆናል። የተጠቀሱት ዓመታት ሌላ መግለጫ ካልተሰጠባቸው በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከድንጋይ ዓምድ እስከ ብረት ሰሌዳ

አውቶሞቢል ከመፈጠሩ በፊት የመንገድ ምልክት ማለት በአብዛኛው ርቀትን የሚነግር የድንጋይ ዓምድ ነበር። ሮማውያን በመንገዶቻቸው ዳር ይህን የመሰለ ዓምድ ይተክሉ ነበር። እግረኛውና ፈረሰኛው ቀርበው ለማንበብ ጊዜ ስለነበራቸው የፊደሉ መጠን፥ የቆመበትም ስፍራ ብዙ አያሳስብም።

ሞተር ከመጣ በኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ። በ1909 ፓሪስ ላይ በተደረገው ዓለም አቀፍ ስምምነት አራት የማስጠንቀቂያ ምልክቶች ተወሰኑ፤ እነዚህም ወጣ ገባ መንገድን፥ ኩርባን፥ መስቀለኛ መንገድንና የባቡር ሐዲድ ማቋረጫን የሚያመለክቱ ነበሩ። በ1931 ጄኔቭ ላይ የተፈረመው ስምምነት ደግሞ የምልክቶቹን ብዛት ጨመረ፥ ቅርጻቸውንም በየተግባራቸው ለየ፤ ሦስት ማዕዘኑ ለአደጋ፥ ክቡ ለትእዛዝና ለክልከላ፥ አራት ማዕዘኑ ለመግለጫ ሆነ። የዚህ አሠራር መሠረቱ ሥዕል ነው፤ በአውሮፓ ልዩ ልዩ ቋንቋ የሚናገሩ ሕዝቦች ድንበር ለድንበር ስለሚኖሩ ከቃል ይልቅ ሥዕል ይሻላል ተባለ። አሜሪካኖች በበኩላቸው በ1935 የመጀመሪያውን አገር አቀፍ የትራፊክ ምልክቶች መመሪያ አወጡ፤ እነርሱም በአንድ ቋንቋ ስለሚጠቀሙ ለቃል ብዙ ስፍራ ሰጡ።

ብሪታንያ ከሁለቱም ወገን ሳትሆን የራሷን ሥርዐት ይዛ ቆየች። ከላይ ቀይ ሦስት ማዕዘን፥ ከሥሩ ሥዕል፥ ከዚያ በታች ደግሞ በዐቢይ ፊደል የተጻፈ ቃል ያለበት ሰሌዳ ይሰቀል ነበር። ወደ ዐቢይ መንገድ በሚገባበት ስፍራ አሽከርካሪው እንዲቆም የሚያዘው ሰሌዳ አንድ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ያህል ጽሑፍ ነበረው። የትምህርት ቤት ምልክት የነበረው ደግሞ የሚነድ ችቦ ነው። ችቦ የዕውቀት ብርሃን መሆኑን በጠረጴዛ ዙሪያ ለተቀመጠ ሰው ማስረዳት አያስቸግርም፤ እየነዳ ለሚመጣ ሰው ግን ችቦ ስለ ልጅ ምንም አይናገርም። በዚህ ላይ ሰሌዳ የሚተክለው አካል ብዙ ነበር፤ የየአውራጃው ምክር ቤት፥ በአንድ ወቅትም የአሽከርካሪዎች ማኅበራት ጭምር በየፈርጁ ያቆሙ ነበር።

የአንደርሰን ኮሚቴና የፕሬስተን መንገድ

ብሪታንያ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የፈጣን መንገድ መሥራት በጀመረች ጊዜ አሮጌው ሰሌዳ እንደማይበቃ ግልጽ ሆነ። በመሆኑም በ1957 በሰር ኮሊን አንደርሰን ሰብሳቢነት አንድ ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው የንድፉን ሥራ የሰጠው ለጆክ ኪኒር ነው። ኪኒር ቀደም ሲል የጋትዊክን አውሮፕላን ጣቢያ ምልክቶች የነደፈ ሲሆን፥ ረዳቱ በቼልሲ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተማሪው የነበረችው ማርጋሬት ካልቨርት ነበረች።

የኪኒር መነሻ እንዲህ ያለ ነበር፤ ሰሌዳው እንዴት ያምራል ከሚለው በፊት፥ በፍጥነት የሚመጣው አሽከርካሪ ከሰሌዳው ምን ማወቅ ይፈልጋል ብሎ ጠየቀ። ከዚህ ጥያቄ ሦስት መልሶች ወጡ። አንደኛው፥ የመገናኛው ሥዕል አሽከርካሪው ከፊቱ የሚያገኘውን መንገድ መምሰል አለበት የሚል ነው። ዋናው መንገድ በወፍራሙ፥ ቅርንጫፉ በቀጭኑ ተሥሎ ሰሌዳው እንደ ትንሽ ካርታ ሆነ። ሁለተኛው፥ የሰሌዳው ስፋት ከጽሑፉ ይወጣል እንጂ ጽሑፉ አስቀድሞ ወደተቆረጠ ብረት ተጨናንቆ አይገባም የሚል ነው፤ ልብስ በባለቤቱ ልክ እንደሚሰፋ ማለት ነው። በፊደሎች መካከል፥ በመሥመሮች መካከልና በጠርዝ በኩል የሚቀረው ባዶ ስፍራ ሁሉ ከፊደሉ ውፍረት በተወሰደ አንድ መለኪያ ይወሰናል። ሦስተኛው፥ ከዐቢይ ፊደል ጋር ንኡስ ፊደልን ማቀላቀል ነው፤ ስለዚህ ግን ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ሥራው በመጀመሪያ የተፈተነው በጄምስ ድሬክ መሪነት በተሠራው፥ ጠቅላይ ሚኒስትር ሃሮልድ ማክሚላን በታኅሣሥ ወር 1958 በመረቁት የፕሬስተን መንገድ ነው። ርዝመቱ 13 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን በብሪታንያ የመጀመሪያው የፈጣን መንገድ ነበር። ሰሌዳዎቹ በሰማያዊ መደብ ላይ በነጭ የተጻፉ ከመሆናቸውም በላይ በጊዜው ለነበረው ዐይን እጅግ ግዙፍ ነበሩ።

ከስፋታቸው ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው የአቋቋማቸው ቅደም ተከተል ነው። ከመውጫው አንድ ማይል አስቀድሞ የመጀመሪያው፥ ግማሽ ማይል ሲቀር ሁለተኛው ይቆማል። ከዚያም 300፥ 200 እና 100 ያርድ ሲቀር ሦስት፥ ሁለትና አንድ ሰረዝ ያለባቸው ትንንሽ ሰሌዳዎች ይከተላሉ። በሰዓት 60 ማይል የሚነዳ ሰው አንድ ማይል ለመጨረስ አንድ ደቂቃ ይፈጅበታል፤ ይህም ማለት ከመወሰኑ በፊት ስድሳ ሴኮንድ ተሰጥቶታል ማለት ነው። መገናኛውን ካለፈ በኋላ ደግሞ ሌላ ሰሌዳ የያዘው መንገድ ትክክል መሆኑን ያረጋግጥለታል። አስቀድሞ መንገር፥ በሰዓቱ መንገር፥ በኋላም ማረጋገጥ የሚለው ሥርዐት እነሆ ይህ ነው። እኛ በዚያ ቁልቁለት ላይ ያጣነውም ከሦስቱ የመጀመሪያውን ነበር።

የፊደል ክርክር

የኪኒር ሥራ ያለ ተቃውሞ አላለፈም። ዴቪድ ኪንደርስሊ የተባለው ስመ ጥር የድንጋይ ላይ ፊደል ቀራጭ፥ በንኡስ ፊደል መጻፍ ስፍራ ያባክናል ብሎ ተነሣ። እርሱ ያቀረበው ጫፉ ቅጥያ ያለው፥ ሁሉም ዐቢይ የሆነ ፊደል ነበር። የኪኒር ደጋፊዎች በበኩላቸው፥ ሁሉም ዐቢይ በሆነ ጊዜ ቃሉ ሁሉ አራት ማዕዘን ጡብ ይመስላል፤ ከፍ ዝቅ የሚል ንኡስ ፊደል ግን ለእያንዳንዱ ስም የራሱን መልክ ስለሚሰጠው አሽከርካሪው ገና ሳያነብበው ያውቀዋል አሉ።

ክርክሩን ለመፍታት የመንገድ ምርምር ላቦራቶሪ ቤንሰን በተባለው የአውሮፕላን ማረፊያ ሙከራ አደረገ። ፈቃደኞች በአንድ መድረክ ላይ ተቀምጠው፥ በጣራዋ ላይ ሰሌዳ የተሸከመች መኪና ወደ እነርሱ ስትመጣ ስሙን ከምን ያህል ርቀት እንዳነበቡ ተመዘገበ። ውጤቱ የኪንደርስሊን ፊደል በጥቂቱ አስበለጠው። ልዩነቱ ግን አነስተኛ ስለነበረ ባለሥልጣኖቹ በሌላ ምክንያት የኪኒርን መረጡ።

ይህ ታሪክ ሲተረክ ብዙ ጊዜ አንዱ ወገን እንደ አሸናፊ ሌላው እንደ ተሸናፊ ይቆጠራል። እኔ ግን ከሙከራው የማገኘው ትምህርት ሌላ ነው። ሁለት ብርቱ ባለሙያዎች በሁለት ተቃራኒ መንገድ ሄደው እኩል ሊባል የሚችል ውጤት ካመጡ፥ የመንገደኛው ዕጣ የሚወሰነው በፊደሉ ቅርጽ ብቻ አይደለም ማለት ነው። የሰሌዳው አቀማመጥ፥ የጽሑፉ ማነስና የባዶው ስፍራ መብቃት የበለጠ ኃይል አላቸው። በአሜሪካም ይኸው ክርክር በዘመናችን ተደግሟል፤ ክሊርቪው የተባለው አዲስ ፊደል በ2004 ተፈቅዶ፥ በ2016 ፈቃዱ ተሽሮ፥ በ2018 እንደገና ተመልሷል።

ከለንደን እስከ አውሮፕላን ጣቢያ

የፈጣን መንገዱ ሰሌዳ በተስተካከለ ጊዜ የቀረው መንገድ ጉድለት ይበልጥ ጎልቶ ታየ። በ1961 ኸርበርት ስፔንሰር የተባለው የሕትመት ንድፍ ባለሙያ ካሜራውን ይዞ ከለንደን መካከል ወደ ከተማዪቱ አውሮፕላን ጣቢያ የሚወስደውን መንገድ ተከተለ፤ ያየውንም ሰሌዳ ሁሉ እያነሣ «ታይፖግራፊካ» በተባለው መጽሔቱ አወጣው። ከፎቶግራፎቹ የሚታየው ነገር ያሳፍራል። በአንድ ምሰሶ ላይ የተደራረቡ ሰሌዳዎች፥ በየመልኩ የተጻፉ ፊደሎች፥ እርስ በርሳቸው የሚሻሙ ትእዛዞች ነበሩ። ስፔንሰር ረዥም ክርክር አላስፈለገውም፤ አንድ አጭር ጉዞ ማስረጃውን ሁሉ ሰጠው። መንገዱን ዕለት ዕለት የሚመላለሱበት ሰዎች ስለለመዱት አላዩትም ነበር። በመሆኑም መንገድን የሚመረምር ባለሙያ እንደ እንግዳ ሆኖ መጓዝ እንደሚገባው ከዚህ እንማራለን።

በዚያው በ1961 በሰር ዋልተር ዎርቦይስ የሚመራ ሌላ ኮሚቴ የመንገዶችን ሁሉ ምልክት እንዲመረምር ተሠየመ። ኮሚቴው በ1963 ባወጣው ሪፖርት ብሪታንያ ወደ አውሮፓው የሥዕል ሥርዐት እንድትገባ ሐሳብ አቀረበ፤ አዲሱም ደንብ ከጥር 1 ቀን 1965 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። ለዋና መንገዶች አረንጓዴ፥ ለሌሎች ነጭ፥ ለፈጣን መንገድ ሰማያዊ መደብ ተወሰነ። አሽከርካሪው ገና ፊደል ሳያነብ በቀለሙ ብቻ በየትኛው ዓይነት መንገድ ላይ እንዳለ ማወቅ ቻለ።

ከሥዕሎቹ ብዙዎቹን የሠራችው ማርጋሬት ካልቨርት ናት። የከብት ማቋረጫን ላም የሣለችው ከዘመዶቿ እርሻ ላይ ከነበረች ላም ነው። ለትምህርት ቤት ምልክትም ቀድሞ የነበረውን ኮፍያ ያጠለቀ ወንድ ልጅ የሚመራበትን ሥዕል ትታ፥ ታናሽ ወንድሟን በእጅዋ ይዛ የምትመራ በምትመስል ልጃገረድ ተካችው፤ ለልጃገረዲቱ መነሻ ያደረገችውም የራሷን የልጅነት ፎቶግራፍ ነበር። ችቦ ያላስተማረውን ሁለት ልጆች አስተማሩ፤ አሽከርካሪው ልጅ ሲያይ እግሩ ወደ ፍሬን ይሄዳልና።

ሰሌዳ የማይሸፍነው የመንገድ ጉድለት

እስከዚህ ስለ ሰሌዳ ተናግረናል። ነገር ግን መንገዱ ራሱ የሚናገረው ቋንቋ አለ፤ ሰሌዳውም ከዚህ ቋንቋ ጋር ከተጣላ የሚያሸንፈው መንገዱ ነው። ሰፊና ቀጥ ያለ አስፋልት «ንዳ» ይላል፤ ከጎኑ የቆመው የፍጥነት ወሰን «ቀስ በል» ቢል የሚሰማው ጥቂት ነው። በዐይን ሲታይ ዋናው መንገድ ወደ ቀኝ የሚታጠፍ መስሎ በእውነቱ ግን ቀጥ ብሎ የሚሄድ ከሆነ፥ ምንም ያህል ሰሌዳ ቢተከልበት እንግዳ ሰው መሳቱ አይቀርም። ስለዚህ ሰሌዳ የተከማቸበትን መገናኛ ባየን ቁጥር ንድፉን መጠርጠር ይገባናል።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነው የብሪታንያ አደባባዮች ታሪክ ነው። ከ1966 በፊት ወደ አደባባይ የሚገባውም ሆነ በውስጡ የሚዞረው ግልጽ ቅድሚያ አልነበረውም። ተሽከርካሪ በበዛ ጊዜ ገቢው ዟሪውን ይዘጋል፥ ዟሪው ስለማይወጣ ገቢውም ይቆማል፤ አደባባዩ እንደ ተቋጠረ ገመድ ይሆናል። መፍትሔ ተብሎ ይፈለግ የነበረው አደባባዩን ማስፋት ነበር። በ1966 ግን የሚገባው በውስጥ ለሚዞረው ቅድሚያ ይስጥ የሚል ደንብ ወጣ፤ ቋጠሮውም ተፈታ። ከዚያ በኋላ የምርምር ላቦራቶሪው ባልደረባ ፍራንክ ብላክሞር አደባባዩን እያሳነሱ እንኳ ብዙ ተሽከርካሪ ማሳለፍ እንደሚቻል አሳየ። ብዙ አስፋልት ሊሠራ ያልቻለውን ሥራ አንድ ደንብና በመሬት ላይ የተቀባ አንድ መሥመር ሠራው።

የፕሬስተን መንገድ ራሱም ከዚህ ጋር የሚሄድ ታሪክ አለው። ከተመረቀ ከ46 ቀን በኋላ፥ ከንጣፉ ሥር የገባው ውኃ በብርድ ረግቶ እንደገና በመቅለጡ መንገዱ ተጎድቶ ለጥገና ተዘጋ። የአገሪቱ ምርጥ ሰሌዳዎች በተዘጋ መንገድ ዳር ቆመው ቀሩ። የውኃ ማፍሰሻውን የሚነድፈውና ሰሌዳውን የሚነድፈው ባለሙያ የአንድ ሥራ ሁለት እጆች መሆናቸውን ይህ ያሳያል።

ወደ አገራችን ስንመለስ

በአገራችን ዘመናዊ የአውራ ጎዳና አስተዳደር የጀመረው በ1943 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በተቋቋመ ጊዜ ሲሆን፥ የዓለም ባንክ ብድርና የአሜሪካ የመንገድ ባለሙያዎች እርዳታ ነበረበት። በ1956 ዓ.ም. ደግሞ በመንገድ ግራ ይነዳ የነበረው ወደ ቀኝ ተዛወረ። ወገን ሲለወጥ ሰሌዳውም፥ የአሽከርካሪው የዐይን ልማድም አብሮ መለወጥ አለበትና ይህ ቀላል ሥራ አይደለም።

የውጭው ልምድ ለኛ የሚጠቅመው ግን እንዳለ በመቅዳት አይደለም። የኪኒርና የኪንደርስሊ ክርክር የቆመው ዐቢይና ንኡስ ፊደል ባለው ጽሕፈት ላይ ነው። የእኛ ፊደል ይህ ልዩነት የለውም፤ ቁመቱ የተቀራረበ ነው። በዚህ ላይ ድምፅን የሚለውጡት ቅጥያዎች ጥቃቅን ናቸው፤ «በ» ከ«ቡ»፥ «ቡ» ከ«ቢ» የሚለዩት በእግራቸው ላይ በምትለጠፍ ትንሽ ምልክት ነው። በመጽሐፍ ገጽ ላይ የማታስቸግር ይህች ምልክት ከሩቅ ስትታይ ትጠፋለች። ለመንገድ ሰሌዳ የሚሆን ፊደል ቅጥያውን ጎላ፥ የውስጡን ክፍተት ሰፋ አድርጎ መሣል ይኖርበታል ማለት ነው።

ሌላው የስሞቻችን ጠባይ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን የሚወጣው አሽከርካሪ ደብረ ብርሃንንና ደብረ ሲናን፥ በዓባይ በኩል የሚሄደው ደብረ ማርቆስን፥ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚጓዘው ደግሞ ወረታ ላይ ወደ ደብረ ታቦር የሚገነጠለውን መንገድ ያገኛል። የሁሉም ስም መጀመሪያ አንድ ስለሆነ ዐይን በፍጥነት የሚያገኘው የማይለየውን ክፍል ነው። እንዲህ ላለው ስም ሁለተኛውን ቃል አጉልቶ መጻፍ ይረዳል። ናዝሬትና አዳማ፥ ደብረ ዘይትና ቢሾፍቱ እንደሚባሉት ሁለት ስም ያላቸው ከተሞችም አሉ፤ በካርታ ላይ አንዱ፥ በሰሌዳ ላይ ሌላው ከተጻፈ እንግዳው ሁለት ከተማ ያለ ይመስለዋል።

ከአንድ በላይ ቋንቋ መጻፍም የራሱ ጥያቄ አለው። በዌልስ ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የቋንቋው ተቆርቋሪዎች በእንግሊዝኛ ብቻ የተጻፉትን ሰሌዳዎች ተቃውመው ብዙ ታገሉ፤ በ1972 ሪፖርቱን ያቀረበው የቦወን ኮሚቴም ምልክቶች በሁለቱም ቋንቋ፥ ዌልሽ ቀድሞ እንዲጻፉ ሐሳብ ሰጠ። የትግሉ ፍሬ ዛሬ በየመንገዱ ይታያል። ጽሑፉ በእጥፍ ሲጨምር የንባብ ጊዜም ይጨምራል፤ ሆኖም ሰው በገዛ አገሩ መንገድ ላይ የገዛ ቋንቋውን ማግኘቱ መብቱ ስለሆነ የመሐንዲሱ ተግባር ቦታውን ማመቻቸት ነው። የግዕዝ ፊደልና የላቲን ፊደል ጎን ለጎን በሚቆሙበት ሰሌዳ ላይ ዐይን የሚያውቀውን ጽሕፈት ወዲያው ለይቶ ሊያገኝ ስለሚችል፥ በዚህ ረገድ የእኛ ሸክም ከዌልሾች ይልቅ ይቀላል ብዬ አምናለሁ፤ ይህም የሚሆነው በሁለቱ መካከል በቂ ባዶ ስፍራ ከተተወ ነው።

ማጠቃለያ

ከላይ የተተረከው ሥራ በጠቅላላው ሲታይ አንድ መሠረታዊ የአስተሳሰብ ለውጥ ያሳያል። በቀድሞው ዘመን መንገድ የሳተ ሰው ያላስተዋለ ሰው ነበር። ከአንደርሰንና ከዎርቦይስ ኮሚቴዎች በኋላ ግን፥ ብዙ ሰው በአንድ ስፍራ ከሳተ ጥፋተኛው ስፍራው ነው የሚለው ሐሳብ ቦታውን ያዘ። በ1968 ቪየና ላይ የተፈረመው የመንገድ ምልክቶች ስምምነትም፥ ዜጋም ሆነ የውጭ እንግዳ የሆነ አሽከርካሪ ምልክትን በቀላሉ እንዲረዳ የታሰበ ነው።

ለሙያችን የሚቀረው እንግዲህ ይህ ነው። መንገድ ርክክብ በሚደረግበት ዕለት የአስፋልቱ ውፍረትና የድልድዩ ጥንካሬ በሰነድ ይፈተሻሉ። ከዚያ ጋር፥ አካባቢውን የማያውቅ አንድ ሰው መሪ ጨብጦ ቀንም ሌሊትም እንዲነዳበት፥ የት እንደተጠራጠረ፥ የት እንደዘገየ፥ የት እንደሳተ ቢመዘገብ ወጪው እጅግ ጥቂት ነው። ከክረምት በኋላም የበቀለውን ቅርንጫፍ የሚቆርጥ ሰው መመደብ የንድፉ አካል እንጂ ትርፍ ሥራ አይደለም።

በዚያ ቁልቁለት ላይ ላባቸውን የጠረጉት አዛውንት ሾፌር ዕድሜያቸውን በሙሉ በመንገዶቻችን ላይ ነድተዋል፤ እነርሱን ከመሥራት በቀር ሌላ ሥራ የሌለን እኛ ደግሞ ከኋላ ወንበር ተቀምጠን ነበር። በዚያን ሰዓት ልመልስላቸው ሲገባኝ ያልመለስሁትን አሁን እጽፋለሁ፤ ጋሼ፥ ጥፋቱ የእርስዎ አልነበረም፤ የእኛ ነበር።